እንቁራሪቷን ከባሌ አታምጧት

ጥያቄ፦ «ጎንደር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ልጅ ሳለሁ ቤታችን ቀሃ ወንዝ አጠገብ ነበር። ክረምት ሲገባ በእንቁራሪት ጩኸት እንቅልፍ አይወስደንም ነበር። ባለፈው ነሐሴ ሁለት ሌሊት ወጥቼ ባዳምጥ አንድም አልሰማሁም። ኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኙ ብርቅዬ እንቁራሪቶች እንዳሏት አንብቤያለሁ። የትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ክበብ ግቢ ውስጥ ኩሬ ቆፍሮ፣ ከባሌ ሁለት ሦስት ዓይነት፣ ከጣና ዳርም የተወሰኑ አምጥቶ ሊያራባ አስቧል። ኩሬው ምን ያህል ይሁን? ምን እንመግባቸው? ወላጆች ደግሞ ጉርጥ ኪንታሮት ያስይዛል ብለው ፈርተዋል።»

መልስ፦ ኩሬውን ቆፍሩ። እንቁራሪት ግን ከየትም አታምጡ። ከባሌም፣ ከጣናም፣ ከአዘዞም ቢሆን። ምግብም አያስፈልግም።

መጀመሪያ «ብርቅዬ» የምትለዋን ቃል እናጥራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በተራው አማርኛ ብርቅ ማለት በቀላሉ የማይገኝ ነገር ነው። የእንስሳት ባለሙያ ብርቅዬ ሲል ግን ከአንድ አገር ወይም ከአንድ አካባቢ ውጭ በዱር የማይኖር ማለቱ ነው። ቁጥሩ ብዙ ሊሆን ይችላል። ጭላዳን ተመልከቱ። ስሜን ተራራ ላይ በመቶ የሚቆጠር መንጋ አንድ ሜዳ ሞልቶ ሲግጥ ታያላችሁ። ብርቅዬ ነው፤ ብርቅ ግን አይደለም። ዝሆን ደግሞ በተቃራኒው እኛ አገር ብርቅ ሆኗል፤ ብርቅዬ ግን አይደለም። እንቁራሪትም እንደዚሁ ነው። በደጋው ጨፌ፣ በቄጠማው ሥር፣ ማንም ዞር ብሎ ከማያያቸው ትንንሽ ቡናማ እንቁራሪቶች መካከል ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሌሉ አሉ። ልጆቹ ብርቅዬ ፍለጋ ባሌ ድረስ መሄድ የለባቸውም።

ቁጥሩን ከፈለጉ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ70 በላይ የአምፊቢያን (እንቁራሪትን፣ ጉርጥንና መሰሎቻቸውን የያዘው ወገን) ዝርያዎች ይታወቃሉ። ከሦስት አንዱ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ የሚሆነው፣ የእኛ ብቻ ነው። ምክንያቱ መሬቱ ነው። ከአፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎች አብዛኛው ያለው እዚህ ነው። ይህ ደጋ በቆላ የተከበበ ደሴት ማለት ነው። ደሴቱን ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ለሁለት ከፍሎታል። የዓባይ በረሃም ሰሜኑን ከመሃሉ ይለያል። ቆዳዋ እርጥበት የሚፈልግ ትንሽ ፍጥረት ያንን ሙቀት አቋርጣ አትሄድም። ስለዚህ በየተራራው ተለያይተው ለየብቻ ዝርያ ሆኑ። በሳይንሳዊ ስማቸው ፕቲካዴና የሚባሉት ረጅም እግር ያላቸው የሣር እንቁራሪቶች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ድሮ በጥቂት ስም የሚጠሩ ነበሩ። ባለፉት ዓመታት ድምፃቸውና ዘረመላቸው ሲመረመር፣ በዓይን የማይለዩ ብዙ ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። ከእነሱ አንዱ በአማራ ስም «አማረንሲስ» ተብሏል። ጎጃም ደጋ ላይ ደግሞ ሌፕቶፔሊስ ያልዴኒ የሚባል የራሱ እንቁራሪት አለ። የዚሁ ወገን የሆነ ሌላ የኢትዮጵያ ዝርያ «የዛፍ እንቁራሪት» ከሚባሉት ይመደባል፤ ዛፍ ላይ ግን አይወጣም፣ አፈር ቆፍሮ ይገባል እንጂ። ፓራካሲና የሚባሉት ደግሞ ቀንድ አውጣ ይበላሉ። በአማርኛ ግን ሁሉም ያው «እንቁራሪት» ናቸው። ለወፍ ስም ያላነሰን ሰዎች ለእነዚህ ስም አለማውጣታችን ይገርመኛል።

አሁን ወደ ባሌዎቹ። ከባሌ የሚመጡት ብርቅዬዎች ኩሬ ውስጥ ይኖራሉ ብላችሁ አስባችኋል። አይኖሩም። አልቲፍሪኖይደስ ማልኮልሚ የተባለችው ትንሽ ጉርጥ የምትራባው እንደሌላው እንቁራሪት አይደለም። እንቁላሉ የሚዳብረው በእንስቷ ሰውነት ውስጥ ነው። ብዙ እንስቶች አንድ ቦታ ተሰብስበው፣ እርጥብ ሣር መካከል፣ መሬት ላይ ይጥላሉ። ጭራ ያላቸው ግልገሎችም የሚያድጉት እዚያው እርጥቡ መሬት ላይ ነው። ኩሬ ብትቆፍሩላት ምን ታደርግበታለች? ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ ደግሞ ክብ፣ እግረ አጭር፣ የተነፋ ኳስ የምትመስል ናት። «እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች» የሚለው ተረት ለእሷ የተነገረ ይመስላል። የምትታወቀው ከሐረና ጫካ ላይኛው ጫፍ፣ ከአስታው ዛፍ አካባቢ፣ ከአንዲት ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። ሦስተኛዋ ኤሪካባትራከስ ባሌንሲስ ስሟን ያገኘችው ሳይንሳዊ ስሙ ኤሪካ ከሆነው ከዚሁ ከአስታ ነው። በጫካው ውስጥ ካሉ ቀዝቃዛ ምንጮችና ትንንሽ ጅረቶች አትርቅም። ሦስቱም የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ተርታ ተመድበዋል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ ድሮ ወደተገኙባቸው ቦታዎች ሲመለሱ ቁጥራቸው ክፉኛ ወርዶ አገኙት። ጫካው ለማገዶ ተቆርጧል፣ ከብት ሣሩን ረግጦታል፣ የምንጩ ዳር ተራቁቷል። ከዚህ ውስጥ አምስት አውጥቶ ጎንደር ማምጣት ጥበቃ አይባልም። ሕግም አይፈቅደውም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል። የባሌዎቹ ያሉት ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው።

«የጣናዎቹስ? ቅርብ ናቸው፣ ብዙም ናቸው» ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ የሚያስፈራኝ በሽታው ነው። ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ አለ። እንቁራሪት ውሃ በአፏ አትጠጣም። ውሃም፣ የተወሰነ አየርም፣ ጨውም የሚያልፈው በቆዳዋ ነው። ፈንገሱ ቆዳው ላይ ሲራባ የሰውነቷ ጨው ይዛባል፣ በመጨረሻም ልብ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ይህ በሽታ በዓለም ዙሪያ 501 ዝርያዎችን እንዳመነመነ፣ ከእነሱም 90 ያህሉ ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ገምቷል። አንድ በሽታ ይህን ያህል የዱር እንስሳት ዝርያ ሲጎዳ ታይቶ አይታወቅም። ከምሥራቅ እስያ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው በራሱ እግር አይደለም። ሰው እንስሳ ከቦታ ቦታ ሲያዟዙር ነው ያዳረሰው። ኢትዮጵያ ውስጥም፣ ባሌን ጨምሮ፣ ተገኝቷል። ቀዝቀዝ ያለ ደጋ ይመቸዋል፤ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ነው የሚዳከመው። የጎንደር አየር ለእኛ እንደሚስማማን ለእሱም ይስማማዋል ማለት ነው። የታመመች እንቁራሪት ደግሞ ጤነኛ መስላ ልትታይ ትችላለች። በባልዲ ያመጣችሁት ውሃ ራሱ ይበቃል። ጭቃ የያዘ ቦት ጫማም ይበቃል።

ይህን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ በማር ጠርሙስ ሰባት እንቁራሪት ከአንድ ጅረት ወደ ሌላ ወስጄ ለቅቄያለሁ። ጅረቱ ሊደርቅ ነው፣ ላድናቸው ብዬ ነው። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በዓመቱ ስመለስ አንዷንም አላገኘሁም። የደረቀው ጅረት ውስጥ ግን ዝናብ እንደጣለ የቀሩት ወጥተው ይጮሁ ነበር። በጋውን አፈር ውስጥ ተኝተው ነው ያሳለፉት። ያንን ያኔ አላውቅም ነበር።

እንቁራሪትን ወስዶ ማራባት ጭራሽ አይሠራም ማለቴ አይደለም። ይሠራል፤ ግን ምን እንደሚጠይቅ እዩ። ታንዛኒያ ውስጥ ኪሃንሲ የሚባል ፏፏቴ አለ። ከፏፏቴው ጤዛ ሥር፣ ሁለት ሄክታር ገደማ በሆነች መሬት ላይ ብቻ የምትኖር ጥፍር የምታክል ጉርጥ እ.ኤ.አ. በ1996 ተገኘች። በ2000 ግድብ ተሠርቶ አብዛኛው ውሃ ወደ ሌላ ሄደ። ጤዛው ቆመ። በዚያው ዓመት 499 ጉርጦች ተይዘው ወደ አሜሪካ የእንስሳት ማቆያ ተላኩ። ከዚያ ቧንቧ ተዘርግቶ ሰው ሠራሽ ጤዛ ተረጨላት። ያም ሆኖ በኋላ ከዱር ጠፋች ተብሎ ተመዘገበ፤ በ2012 ግን ወደ ቦታዋ መመለስ ጀመረች። አሥራ ሁለት ዓመት፣ ሁለት አገር፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የማይቋረጥ ገንዘብ ማለት ነው። ለብዙ ዓመት የሠሩት ባለሙያዎች እንኳ ገና ጨርሰናል አይሉም። በትምህርት ቤት ክበብ አቅም የሚሞከር ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ቀሃ ዝምታ እንምጣ። ነሐሴ ላይ ሁለት ሌሊት አዳምጦ «ጠፍተዋል» ማለት አይቻልም። የሚጮኸው ወንዱ ነው፤ የሚጮኸውም እንስቷን ለመጥራት ነው። ብዙዎቹ ድምፃቸው የሚደምቀው ዝናቡ ሲጀምር፣ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ ነው። ምሽቱ ከቀዘቀዘ ወይም ዝናብ ለቀናት ከተቋረጠ ዝም ይላሉ። በልጅነትዎ ያዳመጡት ክረምቱን ሙሉ ነበር፣ አሁን ሁለት ሌሊት። ሁለቱን ማወዳደር ትንሽ ያስቸግራል።

ቢሆንም ጥርጣሬዎ መሠረት የለውም አልልም። የከተማ ወንዝ ለእንቁራሪት የማይመችበት ምክንያት ብዙ ነው። እንቁራሪት የምትፈልገው ወንዙን ራሱን አይደለም፤ ከወንዙ ዳር ያለውን ጥልቀት የሌለው የተኛ ውሃና ሣሩን ነው። ዳሩ በድንጋይ ሲገነባ፣ ጨፌው ተደልድሎ ቤት ሲሠራበት፣ የቆሻሻ መጣያና መጫወቻ ሲሆን፣ እንቁላል መጣያ ያጣሉ። በዚህ ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳሙና፣ የጋራዥ ዘይት፣ የመጸዳጃ ፍሳሽ አለ። ከተራቆተው ዳገት የሚወርደው አፈርም ቀላል አይደለም። የአንገረብን ግድብ ደለል እንዴት እንዳስቸገረው ጎንደሬ ያውቃል። ያው ደለል እንቁላልንም ይቀብራል። ምንጭ አፍ ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ ውሃውን ይመጠዋል። ወደ ደምቢያ ወረድ ሲባል ደግሞ የእርሻ ኬሚካል አለ። ገበሬው ማላታይን ረጭቶ ዕቃውን ምንጩ ላይ ካጠበ፣ እዚያ ያለው ግልገል አለቀ ማለት ነው። ግላይፎሴት ባላቸው ብዙ የአረም መድኃኒቶች ውስጥ ደግሞ ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ የሚጨመረው ሳሙና መሰል ነገር ከመድኃኒቱ ራሱ ይልቅ ግልገሎቹን ይጎዳል።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ልጆቹ ራሳቸው ሊያዩ ይችላሉ። ጉርጥ ብቻ ካለና የሣር እንቁራሪት ከሌለ፣ የጠፋው ጨፌው ነው፤ ጉርጥ ቻይ ናት፣ ግንብ ሥርም ትኖራለች። ትልልቆቹ እየጮሁ በውሃው ውስጥ ግን ግልገል ከሌለ፣ ውሃውን ጠርጥሩ። ብዙ እንቁራሪት አንድ ቦታ ሞቶ ካገኛችሁ ግን አትንኩ። ፎቶ አንስታችሁ፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፋችሁ፣ ዩኒቨርሲቲው ባዮሎጂ ክፍል ላሉ መምህራን አሳውቁ።

ለወላጆች ደግሞ እንዲህ በሏቸው። ኪንታሮት የሚመጣው ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ቫይረስ ነው። የጉርጥ ቆዳ ሻካራ መሆኑ ነው ወሬውን ያመጣው። ነገር ግን «ምንም አታደርግም» ብላችሁም አትዋሹ። ከጉርጥ ዓይን ኋላ ያበጠ ዕጢ አለ፤ ሲጨነቅ ነጭ መርዝ ያወጣል። ውሻ ከነከሳት አረፋ የሚደፍቀው ለዚህ ነው። ልጅ ነክቷት ዓይኑን ካሸ ያቃጥለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አይያዙ፣ ከነኩም በውሃና በሳሙና ይታጠቡ። የልጆቹ እጅ ላይ ያለ ቅባትና ሳሙናም እንቁራሪቷን ይጎዳታል፤ ስለዚህ አለመንካቱ ለሁለቱም ይበጃል።

ኩሬውን በተመለከተ፣ ስፋቱ ሦስት አራት ሜትር ቢሆን በቂ ነው። ጥልቀቱ ከ50 ሴንቲሜትር አይለፍ፤ የልጆች ግቢ ነው። ዳሩ ቀስ እያለ የሚወርድ ይሁን። በሲሚንቶ ቀጥ አድርጋችሁ ብትገነቡት ትንንሾቹ ገብተው መውጫ ያጣሉ። የጣሪያ ዝናብ ሙሉበት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ግልገል ይገድላል። ዳሩ ላይ ከአካባቢው የተነቀለ ቄጠማና ሣር ትከሉ፣ ድንጋይና የወደቀ ግንድ ተዉ። ዓሣ እንዳትጨምሩ። ዓሣ እንቁላሉንም ግልገሉንም ይለቅመዋል። በበጋ ቢደርቅ አትዘኑ፣ እንዲያውም ደስ ይበላችሁ፤ ዓሣ አይሰፍርበትም፣ ደረቅ እስከሆነ ድረስም ትንኝ አይራባበትም። ትንኝ ካልኩ፣ ግቢያችሁ ወደ ደምቢያ ዝቅተኛ ቦታ የሚጠጋና ወባ የሚታይበት ከሆነ ኩሬውን ጭራሽ ተዉት። «እንቁራሪቶቹ ትንኙን ይበሉታል» የሚለውን አትመኑ። ይበላሉ፣ ግን ወባ ለመከላከል የሚበቃ አይደለም።

እንቁራሪቶቹ በራሳቸው ይመጣሉ ወይ? በአቅራቢያው ካሉ ይመጣሉ። በአስፋልትና በግንብ ከተከበባችሁ ላይመጡ ይችላሉ፤ አጥሩ ሥር ክፍተት ብትተዉ ይረዳል። ለዚህም ነው ኩሬው ሁለተኛ ሥራ ነው የምለው።

የመጀመሪያው ሥራ ከግቢው ውጭ ነው። ከትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስበት አንድ ጨፌ ምረጡ። አሁንም እርጥብ የሆነ፣ ቄጠማ የሚበቅልበት። ከቀበሌውና ከባለመሬቶቹ ጋር ተነጋገሩ። «እንቁራሪት እናድን» ብላችሁ አትጀምሩ፣ ይሳቅባችኋል። ምንጩ እንዳይደርቅ ብላችሁ ጀምሩ፤ እሱም እውነት ነው። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ። ከውሃው ዳር አሥር ሜትር ያህል እንዳይታረስና መድኃኒት እንዳይረጭበት። ከብቱ በአንድ በኩል ብቻ ገብቶ እንዲጠጣ። ቄጠማው ደግሞ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ሲታጨድ ሙልጭ ተደርጎ ሳይሆን ግማሽ ግማሹ በተራ እንዲታጨድ። ቄጠማ ሻጮቹ እናቶች ይህን ከማንም ቀድመው ይገባቸዋል። ጨፌው ከጠፋ ገበያቸውም አብሮ ይጠፋል። ባሌም ላይ ቢሆን የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ እንቁራሪቷን ሳይሆን የአስታውን ጫካና የምንጩን ዳር መጠበቅ። እናንተ ከጎንደር ሆናችሁ የባሌውን ልትጠብቁ አትችሉም። የራሳችሁን ግን ትችላላችሁ።

ከዚያ ማዳመጥ ነው። አንድ ቦታ ላይ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ በስልክ ቅዱ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዝናብ መዝነቡን ጻፉ። ባትሰሙም «አልተሰማም» ብላችሁ ጻፉ፤ እሱም መረጃ ነው። ድምፃቸው ስለሚለያይ፣ ቅጂው በዓይን የማይለዩትን ለመለየት ለባለሙያ ይጠቅማል። ከአንድ ጨፌ ወደ ሌላ የምትሄዱ ከሆነ ጫማችሁን ከጭቃው አጽዱ፣ በረኪና ባለው ውሃ እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁ። ማጠቡን ከጅረቱ ራቅ ብላችሁ አድርጉት። የመጀመሪያውን ቅጂ ግንቦት ላይ ከባድ ዝናብ በወረደበት ምሽት ያዙ፣ ያን ቀን ልጆቹ ዣንጥላና ባትሪ አይርሱ።